«ኪቦርድ የለኝም» ሰበብ አይሆንም!

ውድ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ይብቃን! «ይፈጥናል» ትሉኛላችሁ። ለማን? ለጻፊው እንጂ ለአንባቢው አይፈጥንም። አንድ ልጅ «አባቴ» ብሎ ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ቢያስከትልልኝ፣ አባቱ መጣ ነው ወይስ አባቱ መታ? ለአስተማሪ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ በላቲን እንዲህ ይምታታሉ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ! ዛሬ ጂቦርድን ከፍታችሁ ከቋንቋዎቹ አማርኛን መምረጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጣት ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ይለምዳል። የጀሞ ታክሲ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ እንኳ በፊደላችን ነው፤ እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ ምን ነካችሁ?

ኮመንት በፊደል ይሁን። በላቲን ለጻፈ አልመልስም፤ እንዳትቀየሙኝ!