ሰዓቱን ስናይ ልጁ እንዳያመልጠን

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ልጁ በደቂቃ ስንት ቃል ያነባል እያልን ሰዓት መያዝ ጀምረናል። መቁጠሩን አንጠላም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ይህ ባይቆጠር ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

ግን የኖፓን ልጅ በአማርኛ ከሚያነበው የአዲስ አበባ ልጅ ጋር በቃላት ቁጥር ማወዳደር ምን ይሉታል? የኖፓው የሚያነበው በቁቤ ነው። በቁቤ የሚረዝም አናባቢ ሁለቴ ይጻፋል፣ የሚጠብቅ ተነባቢም እንዲሁ፤ ቃሉ ይረዝማል። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ ልጁ ራሱ ከዐረፍተ ነገሩ ይፈልጋል።

ክፍሉም ይለያል። 1ኛ ክፍል ፊደል እየለቀመ ቢያነብ ወግ ነው። 4ኛ ደርሶ እየለቀመ ከሆነ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። እኛን ይበልጥ የሚያሰጋን ግን ፈጣኑ ነው፤ ገጹን በቃሉ ይዞ የሚያንበለብለው! እስቲ ከመጨረሻው መስመር አስጀምሩት፤ ጣቱንም ተመልከቱ። ሲጨርስ «ማን ምን አደረገ?» በሉት፣ በአፍ መፍቻው።

በሚቀጥለው ልምምድ ከቃላቱ ቁጥር ጎን ለመልሱ አንድ ዓምድ እንክፈት እንላለን።