የአካል ጉዳት የሸፈነው የመስማት ችግር

በካፋ ዞን፣ በደካና እርሷን በመሰሉ የገጠር አካባቢዎች፣ እጅና እግሩ አልታዘዝ ያለው ሕፃን ሲያጋጥም የሁሉም ዐይን የሚያርፈው በአካሉ ላይ ነው። ሲጠሩት ዝም ካለም «አእምሮው ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ጆሮው ይሰማ እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ሴሬብራል ፓልሲ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ችግር በማደግ ላይ ያለው አንጎል ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ሲጎዳ የሚመጣ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ መስማትንም ያሳጣሉ። በምጥ መታፈን፣ ያለ ጊዜ መወለድና ማጅራት ገትር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ነው። ቢጫ መልክ የሚሰጠው ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ከመጠን ሲያልፍ ወደ አንጎል ዘልቆ እንቅስቃሴን የሚያዘውን ክፍልና የመስሚያውን ነርቭ አንድ ላይ ይመታል።

ቢጫነቱ የሚበረታው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ገደማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 48 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በተቋም የወለደችውም ብትሆን ቢጫነቱ ሳይበረታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጭስ በሞላው ጨለማ ቤት ደግሞ ቢጫ አይለይም፤ ሕፃኑን ወደ ደጃፍ አቅርቦ የዐይኑን ነጭ ማየት ይጠይቃል። ፀሐይ ይበቃዋል የሚለው ልማድ በጤና ተቋም የሚሰጠውን የብርሃን ሕክምና አይተካም፤ ዝናብ በሚበዛበት በካፋማ ፀሐዩስ ከወዴት ተገኝቶ!

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላም ማወቁ ቀላል አይደለም። ከኋላ አጨብጭቦ ዞር ማለቱን መጠበቅ እነዚህን ሕፃናት በሚመለከት ያሳስታል፤ እየሰማ አንገቱን ማዞር የተሳነው «አይሰማም» ይባላልና። የዐይን ሽፋን መርገብገቡን፣ ጡት መጥባቱን ለአፍታ ማቆሙን መከታተል ይሻላል። ቢጫነት የጎዳው ሕፃን ጆሮው ደህና ሆኖ ነርቩ ብቻ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል፣ አንጎል ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ይህ መሣሪያ በየጤና ኬላው ይቀመጥ ለማለት አይደለም። ሆኖም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በ45ኛው ቀን ክትባት እናቶችን ያገኟቸዋል። ሲወለድ አልቅሶ ነበር ወይ? ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ? ድምፅ ያስደነግጠዋል ወይ? ብለው በካፊኖኖ ቢጠይቁና አጠራጣሪውን ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ቢልኩ፣ ቤተሰቡ ዓመታት ሳይቆጠሩ መንገዱን ያገኛል።

መስማት ለተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ አለለት። ጣቶቹ የማይታዘዙለት ግን ምልክቱ ቢገባው እንኳ መልሱን መስጠት ይቸግረዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሥዕሎችን በሰሌዳ ላይ ደርድሮ ውኃውን ወይም እናቱን በዐይኑ እንዲጠቁም ማስለመድ ይቻላል፤ ሰሌዳውም ከካርቶን በመንደር የሚሠራ ነው።