በሰው አገር የሚሠራ ሰው ከደመወዙ ለነገ ስለ ማስቀረቱ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ለሥራ በተቀመጠ ጊዜ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው በድካሙ ልክ ደመወዝ ማግኘት ነው፤ ሁለተኛውም ካገኘው ላይ ለኋላ ዘመኑ የሚሆነውን ማስቀረት ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ይነገራል፤ ስለ ኋለኛው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዐረብ አገሮች ስለሚሠሩት ወገኖቻችን ይህን ነገር መመርመር የተገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በሳዑዲ ዐረቢያም ሆነ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የጡረታ አበል ለዜጋ የተሠራ ነው እንጂ ለእንግዳ ሠራተኛ አይደለም። እንግዳው በጡረታ ፈንታ የሚያገኘው ሥራውን በሚለቅበት ጊዜ አንድ ጊዜ የሚከፈለውን የስንብት ገንዘብ ነው። ይኸውም በሳዑዲ የሥራ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፥ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። በኤምሬቶች ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፥ ከዚያ ወዲያ የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ ነው። የቤት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በሌላ ደንብ ነው፤ በሳዑዲ የቤት ሠራተኛ በአንድ አሠሪ ዘንድ 4 ዓመት ካገለገለች የአንድ ወር ደመወዝ ይገባታል። እንግዲህ በወር 1,000 ሪያል የምትቀበል እኅታችን ከ4 ዓመት ድካም በኋላ በስንብት የምታገኘው 1,000 ሪያል ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ለመንገድ ስንቅ ይበቃ ይሆናል፤ ለእርጅና ግን አይበቃም።

በዚህም ላይ የእንግዳው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፥ ሥራው በቀረ ጊዜ መቀመጫውም አብሮ ይቀራል። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ያፈሩትን ገንዘብና ዕቃ ሳይሰበስቡ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት እንዲህ ባለው ጊዜ ይታወቃል።

ሁለተኛው ነገር የገንዘቡ ዋጋ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ በ1 የአሜሪካ ዶላር 3 ሪያል ከ75 ሃላላ ሆኖ ጸንቷል። የብር ምንዛሪ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ተኩል ያህል የነበረው ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። በወር 200 ሪያል እያስቀረ 4 ዓመት የሠራ ሰው 9,600 ሪያል ማለት 2,560 ዶላር ይኖረዋል። ይህ ገንዘብ አስቀድሞ ተመንዝሮ ቢሆን 147,200 ብር ነበረ፤ ሳይመነዘር ቆይቶ በ120 ብር ሒሳብ ቢመነዘር ግን 307,200 ብር ይሆናል። ነገር ግን የዕቃም ዋጋ አብሮ ስለ ወጣ፥ ልዩነቱን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ በእውነቱ የድካሙን ዋጋ ከመጥፋት ማዳን ነው። የባንክ ወለድ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ በ2014 ዓ.ም የዕቃ ዋጋ ከመቶ 30 በላይ ሲወጣ፥ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ነበረና።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ደመወዙን በሦስት መክፈል ይሻላል፤ አንዱን ለቤተ ሰብ፥ ሁለተኛውን ድንገት ለሚመጣ ችግር፥ ሦስተኛውን ለኋላ ዘመን። የችግሩ ገንዘብ በአንድ ቀን ሊወጣ የሚችል ይሁን። የኋላ ዘመኑን ገንዘብ ግን፥ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በፈቀደው መሠረት፥ በአገር ባንክ በውጭ ገንዘብ ሒሳብ በራስ ስም ማኖር ይቻላል። አክሲዮን መግዛትም ሌላ መንገድ ነው። በ2017 ዓ.ም የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ በ300 ብር ሲሸጥ፥ ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን ማለት 9,900 ብር ነበረ፤ በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀንም የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። ነገር ግን አክሲዮን ሊወርድም ስለሚችል፥ ለሕመም ቀን የተቀመጠ ገንዘብ በእርሱ ላይ አይዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ውሉ ነው። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ «መሬት ገዛንልህ» የሚል ወሬ የሰማ ሁሉ፥ የተገዛው ነገር ምን እንደ ሆነና በማን ስም እንደ ተጻፈ አስቀድሞ ይጠይቅ። በወንድም ወይም በአጎት ስም የተሠራ ቤት በፍቅር ዘመን የጋራ ይመስላል፤ በጠብ ወይም በሞት ጊዜ ግን ዳኛ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ገንዘብ በባንክ ሲላክ ደረሰኝ መቅረቱ፥ ውክልናም ሲሰጥ ለምን ሥራ እንደ ሆነ ተለይቶ መጻፉ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በውጭ ያለው ሠራተኛ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ሠራተኞችን የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ባለሥልጣኖች፥ ሠራተኛው ከመሳፈሩ በፊት የስንብት መብቱን በሚያውቀው ቋንቋ ሊያስረዱትና በስሙ የባንክ ሒሳብ መከፈቱን ሊያረጋግጡ ይገባቸዋል። ካህናትም የነፍስ አባት እንደ መሆናቸው ወላጆችን ቢመክሩ ብዙ ይጠቅማሉ፤ ልጁ የላከው ሁሉ ለድግስና ለተዝካር ካለቀ፥ በመጨረሻ የሚመለሰው ሽበቱን ይዞ ነውና። ቤተ ሰብ ከሚላክለት ላይ ጥቂት ቢቀንስና የተቀነሰው በላኪው ስም ቢቀመጥ፥ ልጁ በሚመለስበት ቀን ለወላጆቹም ለራሱም መጠጊያ ይሆናል።