በሰው ሳሎን ባለ ጆሮ፣ በራስ አዳራሽ ጆሮ ዳባ

ሲዳማ ተሰብስቦ ሲመክር አንድ ትልቅ ጥያቄ አለው። «አፊኒ?» ይላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። አንድ ሙሉ የውይይትና የዕርቅ ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከዚህች ቃል ነው። ነገር ከመወሰኑ በፊት መሰማት አለበት። ያልሰማ ሰው አይፈርድም፤ ያልሰማ ሰው ተስማማ አይባልም።

አሁን ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ዛሬዎቹ የስብሰባ አዳራሾቻችን እንግባ። የትኛውም ከተማ ይሁን፣ ትዕይንቱ አንድ ነው። መድረክ መሪው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት» ይላል። ማይኩ ያፏጫል። ባለሙያው ሮጦ አንዱን ቁልፍ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ያደርጋል። ከኋላ የተቀመጡት ለግማሽ ሰዓት አንገታቸውን አስግገው ለመስማት ይታገላሉ፤ ሲደክማቸው ስልካቸውን ያወጣሉ። ከፊት ጭብጨባ ሲጀመር እነሱም ያጨበጭባሉ። ምን እንደተባለ የሚያውቁት ማታ ከዜና ነው። አፊኒ? የለም፣ አልሰማንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ዓለም ላይ ለድምፅ ጥራት ሲሉ ባሕር የሚሻገሩ ሰዎች አሉ። ኦዲዮፋይል ይባላሉ። ከሚወዷቸው ልማዶች አንዱ እርስ በርስ መጠያየቅ ነው፤ አንዱ ከአገሩ ተነስቶ ሌላው አገር ወዳለ የሙያ ወዳጁ ቤት ይሄዳል፣ ሳሎን ይገባል፣ መሣሪያውን ይሰማል። እንግዳው የሚቀመጥባት ወንበር የተለየች ናት። ሁለቱ ስፒከሮችና ወንበሯ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ድምፁ ልክ የሚሆነው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ባለቤቱ የሸክላውን አቧራ ይጠርጋል፣ መርፌውን በጥንቃቄ ያወርዳል፣ ከዚያ ማንም አይናገርም። መሣሪያው የቤት ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ገመዱ ብቻ የመኪና ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜም አለ።

ከእኛም ሰዎች ይህ ዕድል የገጠመው ሲመለስ ወሬው አያልቅም። የዘፋኙን ትንፋሽ ሰማሁ፣ የከበሮውን ቆዳ ሰማሁ፣ ዘመኔን ሁሉ ሳልሰማ ኖሬአለሁ ይላል። እውነቱን ነው። በዚህ ሊቀለድበት አይገባም። የሚያስወቅሰው በማግስቱ የሚያደርገው ነው። አዳራሻችን ገብቶ ያንኑ ፉጨትና ጩኸት ይሰማል፣ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ «ያው የኛ አገር ነገር» ብሎ ዝም ይላል። በሰው ሳሎን የተሳለ ጆሮ በራሱ አዳራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። የሸክላዎቻችን ታሪክም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ። አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አፈነው፣ አምሃም በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ሸክላው በካሴት ተተካ፤ የእኛ ሸክላዎች በየጓዳው አቧራ ጠጡ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ተቆጠረ።

ወርቅነቱን የነገረን ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ የማህሙድ አህመድን ድምፅ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ፓሪስ ላይ ማውጣት ጀመረ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ከዚያ ወዲህ የእነዚያ ዓመታት ኦርጅናል ሸክላ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ዕቃ ሆነ። እናም ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ አውሮፓ ድረስ ሄዶ በሰው ሳሎን፣ በሰው ወንበር፣ የራሱን አገር ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሊሰማ ይችላል። ሸክላው ሄደ፣ ጆሮውም ተከትሎት ሄደ፤ አዳራሹ ግን እዚሁ ቀረ።

«ምን ይደረግ? ጥሩ ድምፅ ገንዘብ ይፈልጋል» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ስህተት መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት ኦዲዮፋይሎቹ ራሳቸው ናቸው። ልምድ ያለውን ጠይቁት፤ መሣሪያውን ከዘረዘረ በኋላ ለድምፁ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ክፍሉ እንደሆነ ይነግራችኋል። ምንጣፉ፣ ወፍራሙ መጋረጃ፣ በመጽሐፍ የተሞላው መደርደሪያ።

ይህን በሳይንስ ያረጋገጠው ሰው ስፒከር እንኳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሠራው የትምህርት አዳራሽ አላዳምጥ አለ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ለአምስት ሴኮንድ ተኩል ያህል በአዳራሹ ውስጥ ይንከራተት ነበር። ነገሩን እንዲያስተካክል የታዘዘው ወጣት የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። መሣሪያዎቹ የኦርጋን ቧንቧ፣ ሰዓት መቁጠሪያና ከጎረቤት ቴአትር ቤት የተዋሳቸው የወንበር ትራሶች ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ትራሶቹን እየጨመረ ድምፁ በስንት ሴኮንድ እንደሚጠፋ ይለካል፣ ሲነጋ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ከዚያ ልፋት የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ አዳራሹ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይዘገያል፤ ድምፅ የሚውጥ ነገር በበዛ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚህ ዕውቀት ተሠርቶ እስከ ዛሬ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ይቆጠራል።

ለንግግር የሚሆን አዳራሽ ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ገደማ ቢጠፋለት ይመረጣል። ባዶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ያለው አዳራሽ ግን ድምፁን እንደ ኳስ ያንገላታዋል። እዚያ ላይ ትልቅ ስፒከር ሲጨመር ምን ይሆናል? ንግግሩ ይጨምራል፣ ገደል ማሚቶውም እኩል ይጨምራል። ጮኸ እንጂ አልጠራም። በርካታ ገንዘብ ወጥቶ የተገዛው ጩኸት ነው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ቋንቋ የባሰ ነው። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይለውጣል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። ሲዳምኛም እንዲሁ የሚጠብቁ ድምፆች አሉት። ያቺን የመጥበቅ ቅጽበት ገደል ማሚቶ ሲውጣት፣ ተናጋሪው «ሥራ አስኪያጁ በጀት አለ» ሲል የኋላው ተሰብሳቢ ሰውዬው በጀት ማለቱን ይስማ፣ በጀት መኖሩን ይስማ አይለይም። ከስብሰባ በኋላ «እንዲህ አልተባለም፣ ተብሏል» እያልን የምንጨቃጨቀው ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም።

ታዲያ ለምን ሐዋሳ? ለምን ባህል አዳራሹ? አዳራሹን ከሌሎች ለይቶ ለመክሰስ አይደለም። ስሙ ግዴታ ስላለበት ነው። «ስብሰባ አዳራሽ» አላሉትም፤ «ባህል አዳራሽ» አሉት። የቆመበት ከተማ ደግሞ የቃል ባህል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ ሐይቁ ዳር በጉዱማሌ ሲከበር ዋናው ነገር የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ቄጣላው ነው፣ የአያንቱዎቹ ቃል ነው፣ የሽማግሌው ምርቃት ነው። ሁሉም የጆሮ ሀብት ነው። የጆሮ ባህል ያለው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ሲታደስ ከቀለሙና ከመብራቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው የገዛ ባህሉ ጥያቄ ነው፦ አፊኒ?

«አገር በስንት ችግር ተይዞ ስለ ድምፅ ጥራት ይወራል?» የሚሉ አይጠፉም። ስለ ችግሮቹ የምንወያየው የት ሆነን ነው? በጀት የሚጸድቀው፣ ሥልጠና የሚሰጠው፣ ሕዝብ ቅሬታ የሚያሰማው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቅንጦት የሚባለው አንድ ሰው ለአንድ ወንበር የቤት ዋጋ ሲያወጣ ነው። ለመጨረሻው ረድፍ ተሰብሳቢ ቃሉ ሳይሸራረፍ እንዲደርሰው ማድረግ መብቱን መጠበቅ ነው።

«ሕዝባችን ጩኸት ይወዳል» የሚሉ ደግሞ አሉ፤ በተለይ ስፒከር የሚያከራዩት። አንዲት ማሲንቆ ያለ ምንም ማጉያ ሙሉ ቤት ጸጥ ስታሰኝ የኖረችበት አገር ነው። ሕዝቡ ጩኸት የለመደው ሌላ ስላልቀረበለት ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ቀላል ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ ይለካ። ባዶውን ሆኖ አንድ ሰው መሃል ላይ አንዴ በኃይል ያጨብጭብ፣ ድምፁ በስንት ሴኮንድ እንደሚጠፋ ይመዝገብ፤ ለመጀመሪያ ግምት የስልክ መተግበሪያም ይበቃል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ይነገር፣ ሌሎች ከተሞች ይማሩበት። መጥፎ ከሆነ ስፒከር ከመግዛት በፊት መጋረጃ፣ ምንጣፍና ድምፅ የሚውጥ የኋላ ግድግዳ ይቅደም። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ አዳራሽ ሲሠራም ሆነ ሲታደስ ይህች የሴኮንድ ቁጥር ውሉ ላይ ትጻፍ፤ ሳትለካ ርክክብ አይኑር። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ምሽት አዳራሹ ለማዳመጥ ብቻ ይከፈት። የባለ መብቶቹ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ሸክላ ያለው ሸክላውን ያምጣ፣ የተቀረጸ ቄጣላ ያለው ቄጣላውን ያምጣ፤ ያለ ንግግር፣ ያለ ሪባን ቆረጣ ይሰማ።

ይህ ሕልም አይደለም። ቶኪዮ፣ ሺቡያ ሰፈር፣ «ላየን» የተባለ ካፌ ከ1926 ጀምሮ ሰው ዝም ብሎ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ሆኖ ኖሯል። ጃፓን ውስጥ ሸክላና ጥሩ መሣሪያ ለተራው ሰው የማይቀመስ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ለሁሉም አዳርሰውታል። የድህነት መፍትሔ ነበር እንጂ የሀብታም ጨዋታ አልነበረም።

ከውጭ የተመለሱት ባለ ጆሮዎችም ዕዳ አለባቸው። ያዩትን መሣሪያ መተረክ ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። የተማሩትን ለአዳራሹ ያስተምሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ የተጋበዘ ባለ ጆሮ ከፊት አይቀመጥ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሂድ፣ ይስማ። ካልሰማ ከሰዎቹ ጋር አያጨብጭብ። እጁን አውጥቶ «ይቅርታ፣ እዚህ አልተሰማም» ይበል።