ከቀብድ በፊት አሞርዛተሩ ይታይ

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሽቾ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ኮፈን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ሊብሬውን ያገላብጣል፤ ቦሎው መለጠፉን ያረጋግጣል። ጎንበስ ብሎ ከጎማው ኋላ አሞርዛተሩን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የጋራዥ ወሬ ቢመስልም የገበያ ጉዳይ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያረጃል፤ እያረጀም ዋጋው አልወርድ ይላል። ከሐዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ከሚልከው ገንዘብ ከፊሉ የሚውለው በዚሁ ገበያ ነው። ባለገንዘቡ ጆሃንስበርግ ነው፤ መኪናውን የሚያይለት ወንድሙ ነው፤ የሚያስማማው ደላላ ግን የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደህናው መኪና በመጥፎው ዋጋ እየተመዘነ ከገበያ እንደሚሸሽ አሳይቷል። ተጎጂው ገዢ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ ያ የሞላና የባሌስትራ ሥራ ነው። የእሱ ድርሻ ውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት የሞላውን መንጠር ማፈን ነው። ሲደክም ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፤ ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም ርቀቱ ይረዝማል። ሰው ጭኖ በዶዮገናና በአንጋጫ ዱራሜ ለሚመላለስ ሚኒባስ ይህ የምቾት ጥያቄ አይደለም።

የተለመደው ፈተና አንዱን ማዕዘን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተመልሶ ወዲያው ከረጋ ደህና ነው ይባላል፤ 2 ወይም 3 ጊዜ ከተወዛወዘ አልቋል። ይህን ብቻ የሚያምን ግን ይታለላል። ፈተናው የሚያጋልጠው ጨርሶ የሞተውን እንጂ የደከመውን አይደለም። ኋላው ባሌስትራ የሆነ ሃይሉክስማ ግትር ስለሆነ በእጅ ጉልበት ምንም አይናገርም። በሞላው መካከል ላስቲክ የተሸጎጠለትም ላይወዛወዝ ይችላል። ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ገላው ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ከያዘ የዘይት ጎሚኒው ሄዷል። ቀጭን እርጥበት ብቻውን ግን ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። የመኪናው ሆድ ሁሉ ጭቃ ሆኖ አሞርዛተሩ ብቻ ታጥቦ ከተገኘ ለምን ተብሎ ይጠየቅ። የጎማውን ፊት በመዳፍ ሲዳብሱት ቦታ ቦታው ከተበላ ሌላ ምልክት ነው፤ የጎማ ሚዛን ጉድለትም ይህን ሊያመጣ ይችላል። በመጨረሻ መኪናውን ከአስፋልት አውጥቶ ኮረኮንች ላይ መንዳት ነው። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው የሚሰምጥ፣ ጉብታ ካለፈም በኋላ የሚንሳፈፍ ከሆነ ዋጋው ላይ እንደገና መነጋገር ያሻል።

«ቦሎ አለው እኮ» የሚል መልስ ይሰማል። ቦሎ የሚናገረው ስለ ምርመራው ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለተሄደበት ኮረኮንች አይናገርም። ይህ ጸሐፊ የሚለው፣ ገዢ ራሱ የመረጠው ጋራዥ የ4ቱንም አሞርዛተሮች ሁኔታ ጽፎ ይስጥ፤ ሒሳቡን ገዢ ይክፈል፤ ወረቀቱም ከውሉ ጋር ይያያዝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያዛል። ደላሎች ይህን የሥራ እንቅፋት አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጆሃንስበርግ ላለው ገዢ የወረቀቱን ፎቶ በስልክ የሚልክ ደላላ ቀጣዩን ደንበኛ የሚያጣ አይመስልም።

አሞርዛተሩ ደክሞ ስለተገኘ መኪናው አይጣል። የሚለወጠው የፊቱ ከፊቱ፣ የኋላው ከኋላው ጥንድ ሆኖ ስለሆነ የጥንዱ ዋጋና የእጅ ሒሳቡ ከመሸጫው ይቀነስ። ሻጭ «ያንዱን ጎን ብቻ እለውጣለሁ» ቢል አይቀበሉት።