በክረምት ስለሚቆም መኪናና ትራክተር ባትሪ አጠባበቅ

ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙም ሙላት በሆነ ጊዜ በብዙ ወረዳ ያለው መኪና ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ድረስ በግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። የመስኖ ውሃ የሚስበውም ሞተር ዝናም ሥራውን ስለ ተካለት ወደ መጋዘን ይገባል። ትራክተሩም የዘሩ ሥራ እንዳለቀ ከዳስ ሥር ይቆማል፤ በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነርማ ከዓመቱ ወራት የሚበልጡትን ሥራ ፈትቶ የሚያሳልፍ ነው። መስከረም ጠብቶ ቁልፉ በተዞረ ጊዜ ግን ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሾፌሩ ይወቀሳል፣ ባትሪውን የሸጠው ነጋዴ ይታማል፣ ለአዲስ ባትሪ መግዣ ደብዳቤ ይጻፋል። ከእነዚህም ከሦስቱ አንዱ የጥፋቱን ሥር አይነካውም፤ ባትሪው የጠፋው ሠርቶ ደክሞ ሳይሆን ጠባቂ አጥቶ በመቆሙ ነውና።

ለዚህ ስሕተት አንዱ ምክንያት ቃል ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የአጠባበቅ መጽሐፍ ስለ ክረምት ሲናገር የሚያስበው በረዶ የሚወርድበትን የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ወራት ነው። በዚያ አገር ኃይሉ ያለቀበት ባትሪ ብርዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ በወረደ ጊዜ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይረጋና ሣጥኑ ይሰነጠቃል። የኢትዮጵያ ክረምት ግን እንዲህ ያለ ብርድ የለበትም፤ በደጋው ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ እስከ ጥርም ባለው ወራት ነው። ስለዚህ አንባቢው «ይህ ምክር የእኛን አገር አይመለከትም» ብሎ ገጹን ይገለብጠዋል። ነገር ግን ባትሪን የሚጎዳው ብርድ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ መቆሙ ራሱ ይበቃዋል። እንዲያውም ሙቀት ሲጨምር ባትሪ በራሱ የሚያጣው ኃይል ስለሚፈጥን፣ በአዋሽ ቆላና በጋምቤላ የቆመ ባትሪ በደብረ ብርሃን ከቆመው ይልቅ ቶሎ ይደክማል።

የነገሩም አሠራር እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ቮልት የሚባለው ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱም ክፍል የእርሳስ ሰሌዳዎች በአሲድ ውስጥ ቆመው ይገኛሉ። ይህን ዓይነት ባትሪ የፈረንሳይ ሰው የሆነው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም ባሕርዩ አልተለወጠም። ኃይሉ ሲወጣ በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ወዲያው ከተሞላ ይህ ሰልፌት ወደ አሲዱ ይመለሳል። ለሳምንታትና ለወራት ከተተወ ግን እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም። በመስከረም «ሞላነው፣ አልያዘም» የሚባለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያገኘው ነው።

ኃይሉስ ሞተሩ ሳይነሳ በምን ያልቃል? ባትሪ ከምንም ነገር ሳይገናኝ እንኳ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያጣል። ዋናው ጉዳት ግን በመኪናው ውስጥ ሳይጠፉ የሚያድሩት ሰዓቱ፣ ራዲዮው፣ የሌባ መከላከያውና እነዚህን የመሰሉት ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ሃምሳ ሚሊ አምፔር፣ ማለት የአንድ አምፔር ሃያኛ እጅ ቢወስዱ፣ በአንድ ቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዘው ባትሪ በዚህ ሂሳብ በ50 ቀን ባዶውን ይቀራል። ከሰኔ 15 ቀን እስከ መስከረም 1 ቀን ያለው ጊዜ ጳጉሜንን ጨምሮ ወደ 80 ቀን ስለሚጠጋ፣ በሰኔ ሞልቶ የቆመው እንኳ ነሐሴ ሳይጋመስ አልቆ፣ ቀሪውን ወር ሰልፌቱ ሲጠነክርበት ይሰነብታል ማለት ነው።

አንዳንድ አለቆች ይህን ለመከላከል ሾፌሩ በየቅዳሜው ሞተሩን አስነስቶ አምስት ደቂቃ እንዲያቆየው ያዛሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ ትእዛዙ ግን አይጠቅምም። በላይኛው ሂሳብ በአንድ ሳምንት የሚፈሰው ኃይል 8.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ ቆሞ በዝግታ የሚዞር ሞተር ዲናሞውን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው በአምስት ደቂቃ ይህን ሊተካ አይችልም። ነዳጅ ይባክናል፣ ሞተሩም በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በውስጡ እርጥበት ይይዛል፤ አለቃውም ትእዛዙ ስለ ተፈጸመ ተደስቶ ይቀመጣል።

የሚበጀው ሥራ ከዚህ ያነሰ ድካም አለው። መኪናው ከመቆሙ አስቀድሞ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ይሞላ። የመሙያው ልክ ባትሪው ከሚይዘው ከአሥር አንድ እጅ ቢሆን ይመረጣል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሆነው በ6 አምፔር ማለት ነው። በችኮላ በብዙ አምፔር የሚሞላ ባትሪ ይግላል፣ ሰሌዳውም ይጣመማል። ከተሞላ በኋላ በመጀመሪያ የነጌቲቩ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ ገመድ ይፈታ፤ በሚመለስበት ጊዜ ግን ፖዘቲቩ ይቀድማል። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ሰሌዳዎቹ በፈሳሹ መሸፈናቸው ይታይ። ጎድሎ እንደ ሆነም የተነጠረ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመር፤ የወንዝም የቧንቧም ውሃ ጨውና ማዕድን ስላለበት ሰሌዳውን ያበላሻል፣ አሲድም አይጨመርም። የተዘጋው ባትሪ ውሃ አይፈልግም መባሉ እውነት ነው፤ ኃይል አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። በእግሮቹ ላይ የበቀለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ቢካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፣ ቫዝሊንም ይቀባ። ባትሪው በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢቀመጥ ኃይሉ በመሬት ይፈሳል የሚሉ አሉ፤ ይህ ከድሮው ሣጥን የቀረ ወሬ ነው፣ የዛሬውን የፕላስቲክ ሣጥን አይነካውም።

ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። ከብዙ ሰዓት ዕረፍት በኋላ 12.6 ቮልት ያሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከደረሰ ሳይዘገይ ይሞላ፤ 12.2 ግማሹ አልቋል፤ 12 ቮልት የሚያሳየው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ወረዳ ከመቆጣጠሪያው ጋር የተገጠመ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ደመና ቢበዛም፣ ገመዱ ለተፈታ ባትሪ ይበቃዋል። በሚሞላበት ክፍል ግን መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራና ፋኖስ አይቅረብ፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

እንግዲህ የሚቀረው ማን ያድርገው የሚለው ነው። ለዘር ጎተራ ጠባቂ ይሾማል፣ ለቁልፉም ተረካቢ ይፈርማል፤ ለክረምት ባትሪ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ባለቤት የለውም። ሾፌሩ በክረምት ፈቃድ ይወጣል፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር እንጂ የባትሪውን ቮልት አይመዘግብም። በሬ በክረምት ካልተጠመደ ተብሎ ድርቆሽ የሚከለክለው ገበሬ የለም። ሹሙ አንድ ሰው በስሙ ቢያዝና ወር በወር የተለካበትን ቁጥር በመዝገብ ቢያይ፣ መለኪያውም መሙያውም ከአንድ አዲስ የትራክተር ባትሪ ዋጋ አይበልጡም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ብዙ ባላስጨነቀ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ በወሎና በትግራይ በደረሰው አዝመራ ላይ በወረደ ጊዜ መኪና የተፈለገው በዚያው ቀን ነበረ። አንበጣም ሆነ የከብት በሽታ የግዢ ደብዳቤ እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ክትባት የሚያደርሰው መኪና በግፊት እየተነሳ ለአንድ ቀን ቢሠራ እንኳ ማታ በበረሃ መንገድ ላይ እንደሚቆም የታወቀ ነው።

የጠፋውም ባትሪ በግቢ ጥግ መጣል ወይም እርሳሱን ለማውጣት መሰበር የለበትም። እርሳሱ በተለይ ሕፃናትን የሚመርዝ ነው፤ አሲዱም የፈሰሰበትን መሬት ያበላሻል። ሣጥኑ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ፣ ከዝናም በተጠለለ ሥፍራ ተቀምጦ፣ አሮጌ ባትሪ ለሚረከበው ተቆጥሮ ይሰጥ።