የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ቁጥር፣ ከፍታና የጋራ ልኬት

ይህ እትም ለልኬት የተሰጠ ነው። ሲንቴቲክ ባዮሎጂ፣ ማለትም የዘረመል ክፍሎችን እየገጣጠሙ ሕዋስ አዲስ ተግባር እንዲፈጽም የማድረግ ሙያ፣ የአንዱን ቤተ ሙከራ ውጤት በሌላው መድገም ሲያቅት መሠረቱ ይናጋል። የባክቴሪያ ብዛት ብዙውን ጊዜ የሚገመተው ድፍርሱ በሚጋርደው ብርሃን መጠን ሲሆን፣ መሣሪያዎች ግን ለአንዱ ድፍርስ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 አይጄም በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር 244 ቤተ ሙከራዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ ሦስት የመለኪያ ስልቶችን ፈትነው፣ የባክቴሪያን መጠን የሚያህሉ የሲሊካ እንክብሎችን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ ማነጻጸሪያ ማድረግ የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል፤ ዘዴው ርካሽ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ለጎንደር ጉዳዩ ከእንክብል ይሰፋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከጎንደር ይበልጥ ከፍ ባለችው በደባርቅ ከተማ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው አውቶክሌቭ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው የግፊት ጠቋሚው 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሲያሳይ ሲሆን፣ ጎንደር ላይ ግን ወደ 18 መጠጋት አለበት፤ መመሪያውን እንዳለ የገለበጠ ተማሪ በደንብ ያልመከነ የባክቴሪያ መብቀያ ይዞ ሊቀር ይችላል። የጋራ ልኬት የጋራ ሥራን ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በቡድን ያሠለጠነ በመሆኑ፣ ቀጣዮቹ ጽሑፎች የሚነሡት ከዚሁ በቡድን የመሥራት ልማድ ነው።